ለአሰብ ሽርሽር የተጠየቀ አፉታ

ዕድሜዬን የጨረስኩት የአውሮፕላን ትኬት በመሸጥ ነው። ዛሬ ሰው ቅዳሜና እሑድን ዱባይ አሳልፎ ሰኞ ሥራ ሲገባ፣ ጎረቤቱ እንኳ መሄዱን አይሰማም። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ግን "እስቲ በአውሮፕላን ሄደን ተዝናንተን እንምጣ" የሚል ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ይዘውት ወይ ጠበል ወይ ሼህ ዘንድ ይሮጡ ነበር። ልጆች ይህን ስታነቡ ሳቁ፤ እኔም ያኔ ስቄአለሁ። በኋላ ግን ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ከሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። ሰዓዳ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደሴ ከተማ በአንዲት ጠባብ ትኬት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ስለሆነ መንገደኛውን ደሴ ላይ መዝግበን፣ በአውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት አውርደን እናደርሰዋለን። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤታችን እናቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ ዘይነባ ትባላለች።

አለቃዬ ጓድ ገዛኸኝ ውጭ አገር ኮርስ ወስዶ የመጣ፣ ገና በትኩስነቱ ያለ ሰው ነበር። እዚያ ያየው ነገር እንቅልፍ ነስቶታል። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው በርካሽ ትኬት ተሳፍሮ፣ ድንበር ተሻግሮ ባሕር ዳርቻ ውሎ ይመለሳል አለ።

"ሰዓዳ፣ ባዶ ወንበር ይዞ የተነሳ አውሮፕላን ማለት እንግዳ የቀረበት ድግስ ነው" ይለኛል። "ዋጋውን እንቀንስ፣ ምሳውን እንተው፣ ጓዙን እናሳንስ፣ ወንበሩን እንሙላ። መጀመሪያ አሰብ፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። እሱ ከሞላ ጅቡቲን እናስፈቅዳለን። ከጅቡቲ ቀጥሎ ባሕሩን ተሻግረን የመን፣ ሆዴይዳ!"

"ጓድ፣ ጅቡቲ ለሽርሽር የሚለቀን ማን ነው? እዚሁ ሐይቅ ከተማ ለመሄድም የቀበሌ ይለፍ እንለምናለን እኮ።"

"መጀመሪያ ወንበሩ ይሙላ! የሞላ ወንበር ራሱ ይከራከርልናል።"

አዲስ አበባን ለምኖ ለምኖ አንድ የሙከራ በረራ አስፈቀደ፤ በየካቲት፣ አሰብ ላይ ሙቀቱ ሰው በማይገልበት ወር። በራችን ላይ "አሰብ ደርሶ መልስ በቅናሽ፤ ምሳዎን ይዘው ይምጡ" የሚል ሰሌዳ ሰቀልን። ከዚያ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

የመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ የኩታበር ሽማግሌ ዱላቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው፣

"አሰብ ማን አለ?" አሉኝ።

"ማንም የለም አባባ። ባሕር ነው ያለው።"

"ባሕሩ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ለማየት ያህል ነው።"

"ደኅና ከሆነ ታዲያ ምን ልሆን እሄዳለሁ?" ብለው ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

እውነታቸውን ነው። የእኛ አገር ሰው መንገድ የሚወጣው ለታመመ፣ ለሞተ፣ ለሰርግ ወይም ሼህ ዘንድ ለዝያራ ነው። ያለ ጉዳይ መሄድ የቀዥቃዣ ሥራ ነው። ጓድ ገዛኸኝ ቀን በቀን ከሳ። እኔም አሳዘነኝና አንድ ምሽት እናቴን ለመንኳት።

"እማ፣ አንቺ ሂጂልኝ። የሻጯ እናት ከሄደች ጎረቤቱ ያምናል።"

ብዙም አላስቸገረችኝ። "አብሽሪ፣ አንቺ ካልሽ እሄዳለሁ" አለችኝ። በማግስቱ ግን ነጭ ሻሿን አስራ ማልዳ ስትወጣ አየኋት።

"ወዴት ነው?"

"አፉታ ልጠይቅ ነዋ።"

"ለአንድ ቀን አሰብ?"

"በሰማይ አይደል የምሄደው? የሰው ሐቅ ተሸክሜ እዚያ ላይ ምን ልሠራ! ሐጅ የሚሄድ ሰው አፉ ሳይባል ይነሳል?"

"እማ፣ ይሄ እኮ ሽርሽር ነው።"

"ሽርሽር መሆኑን ለነፍስ ወሳጁ ለመለኩል መውት ነግረሽዋል?" ብላኝ ሄደች።

የወሎን አፉታ የማታውቁ ትኖሩ ይሆናል። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ ያስቀየምኳችሁ ካለ ማሩኝ ማለቱ ነው። የተጠየቀው ሰውም "አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ" ይለዋል። መንገደኛን እምቢ የሚል የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም ይህችን ቃል ይጋራታል።

እናቴ መጀመሪያ የሄደችው በፍሳሽ ቦይ ምክንያት ክረምቱን ሙሉ ፊት ተነሳስተው ወደከረሙት ጎረቤታችን፣ ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ነው። በአጥር ላይ ሰማኋቸው።

"አሰለፍ፣ በአውሮፕላን ልሄድ ነውና አፉ በይኝ።"

"ኧረ በሞቴ! ጥፋቱስ የኔ አልነበር? አፉ ብያለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ። ማን ታሞብሽ ነው?"

"ማንም። ባሕር ለማየት ነው።"

ወይዘሮ አሰለፈች ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትኬቱ አልቋል?" አሉ። ጉዳዩ የገባኝ ያኔ ነው። ለካ ሰው በየልቡ የታረቀው ቢሆን የሚወደው ሰው አለው፤ ዝም ብሎ ሄዶ በር ማንኳኳት ግን ያሳፍራል። አውሮፕላኑ ሰበብ ሆነለት። ወይዘሮ አሰለፈች ትኬት ቆርጠው ከምራታቸው ጋር ታረቁ። ምራቲቱ ለእናቷ አወራች፤ እናቷ ቆረጡ። ነጋዴው ከሸሪኩ፣ ጡረተኛው ከወንድሙ። እያንዳንዱ መንገደኛ አፉታ ሊጠይቅ በገባበት ቤት ሁሉ የእኛን አውሮፕላን ያወራል።

ጓድ ገዛኸኝ መዝገቡን እያየ ዓይኑን አላመነም። "እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ውጭ አገርም አላየሁ! ምን ብላችሁ ነው የምትሸጡት?"

"እኛ አይደለንም ጓድ። ይቅርታ ነው የሚሸጥልን።"

ወንበሩ ሞላ። እናቴ ግን ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ከሁሉም በፊት ልትሄድበት ይገባ የነበረ አንድ ቤት ቀርቷታል፤ ኮምቦልቻ ያለው የታናሽ እህቷ ቤት።

አክስቴን ሀዋን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ልጅ ሳለሁ እናቴ ስትታመም ጡት አላጠባችኝም እንጂ ሁሉን ያደረገችልኝ እሷ ናት። ጸጉሬን የሠራችው፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛችልኝ ሀዋ ናት። ከእናቴ ጋር ከተኳረፉ ግን ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አያቴ ቢስቲማ ላይ ስትሞት ሀዋ አራስ ነበረች። አራስ ደግሞ መርዶ አይነገራትም፤ ትደነግጣለች፣ ወተቷ ይደርቃል ይባላል። እናቴ እናቷን ቀብራ፣ መንገድ ላይ ፊቷን ታጥባ፣ በቀጥታ ኮምቦልቻ ሀዋ አልጋ አጠገብ ቁጭ አለች። ገንፎ አጎረሰቻት፣ ቀለደችላት፣ አሳቀቻት። ሀዋ ከአራስ ቤት ስትወጣ ገበያ ላይ አንዲት የቢስቲማ ሴት "አላህ ያጽናሽ" አለቻት። "በማን?" አለች። እንዲያ ነው የሰማችው።

"ሀዋ አፉ ሳትለኝ አውሮፕላን አልወጣም" አለች እናቴ። "እኔ በሯ ብደርስ ትዘጋብኛለች። አንቺን ግን አትጨክንብሽም።"

የበረራው ዋዜማ ከቀትር በኋላ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሀዋ ቦርከና ወንዝ አጠገብ የአሰብ መንገድ ሹፌሮች የሚቆሙባት ሻይ ቤት አላት። ስታየኝ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ አቀፈችኝ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። "ከሳሽብኝ" አለችና ሳልጠይቃት ሩዝ በሥጋ አቀረበችልኝ። በልቼ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት።

"እትዬ ሀዋ፣ እማ ነገ በአውሮፕላን ልትሄድ ነው። አፉ በይኝ ብላሻለች።"

ሳህኑን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

"ልጄ፣ የደበቁኝን ይቅር ብያለሁ። ወጉ ነው። እኔም ብሆን ለአራስ አልናገርም። ግን እናቴ በተቀበረችበት ቀን እኔ ስቄአለሁ ሰዓዳ! ገንፎ በአፌ ሞልቼ፣ እስኪያመኝ ስቄአለሁ። ያሳቀችኝ ደግሞ አፈሩን ከእጇ ሳታራግፍ የመጣች እህቴ ናት። ይህን ሳስብ ሌሊት እነሳለሁ። ለቅሶዬን ማን ይመልስልኛል? በወጉ ቁጭ ብዬ፣ ሰው መጥቶ አላስተዛዘነኝም። ሁሉም ጨርሶ ነበር።"

ሳህኑን ወደ ጓዳ ወስዳ ተመለሰች።

"ትሂድ፣ በሰላም ትግባ። አፉ ግን ምላሴ አይልም። ዋሽቼ እንድል ትፈልጊያለሽ?"

"አልፈልግም" አልኳት። እያለቀስኩ ደሴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ማለዳ ደሴ ጉም ለብሳለች። መንገደኛው ሁሉ በሰዓቱ መጣ፤ "ምሳዎን ይዘው ይምጡ" የተባለውን ሰው በራሱ መንገድ ነበር የተረጎመው። ዳቦው፣ በሶው፣ ቆሎው፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ አገልግሉ፣ የወይዘሮ አሰለፈች ዶሮ ወጥ። አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ ከሰው ይልቅ የያዘው ስንቅ ነው። የሀዋን መልስ ለእናቴ ማታውኑ ነግሬያታለሁ። ቢሆንም መጣች።

ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ስንደርስ የበልግ ደመና ተራራውን ሸፍኖታል። ያኔ ሰውም እንደ ዕቃው ሚዛን ላይ ይወጣ ነበርና መንገደኞችን እየጠራሁ ማስመዘን ጀመርኩ። እናቴ ከክፍሉ ወጥታ ከግድግዳው ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

"ስሜን አትጥሪ። አልሳፈርም" አለችኝ።

"እማ፣ ሰው ሁሉ አንቺን አይቶ ነው የመጣው።"

"እነሱ አፉ ተብለዋል፤ ይሂዱ። እኔ እዚህ ሆኜ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።"

ሲረፋፍድ ድምፁ መጣ። ሁሉም ወደ ሜዳው ወጥቶ አንጋጠጠ። አውሮፕላኑ አይታይም፤ ከደመናው በላይ ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል። አንዴ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ጓድ ገዛኸኝ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሮጠ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሮጠ። ከከተማው በላይ ሲያልፍ ቀረበ፣ ከዚያ ራቀ፣ ደግሞ ቀረበ። በመጨረሻ ድምፁ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ጓድ ገዛኸኝ ቀስ ብሎ መጣ።

"ሜዳው አልታየውም። ተመልሷል" አለኝ።

ሰው ሁሉ ገና አንገቱን እንዳቀና ነበር ከቦርከና በኩል አንዲት ሴት እየሮጠች የመጣችው። ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ፣ ነጠላዋ ከኋላዋ እየተጎተተ። ሀዋ ናት። እኛን አላየችንም። ዓይኗ ሰማዩ ላይ ነው። ሜዳው መሐል ደርሳ ሁለት እጇን ወደ ደመናው ዘረጋች።

"እታለም! እታለም! አፉ ብያለሁ! ወላሂ አፉ ብያለሁ! ያ አላህ፣ እህቴን መልስልኝ!"

እናቴን "እታለም" የሚላት ከዚህ ዓለም ሰው ሀዋ ብቻ ናት። በደመናው የጠፋው አውሮፕላን እናቴን ይዞ የሄደ መስሏታል። እየጮኸች የምትምረው ሰማዩን ነው።

እናቴ ከአግዳሚው ተነሳች። ስትራመድ አየኋት፤ ከሀዋ ጀርባ ደርሳ ቆመች።

"ሀዋ።"

ሀዋ ይባስ ወደ ላይ አንጋጠጠች።

"ሀዋ፣ እዚህ ነኝ። ከኋላሽ።"

ዞር አለች። ሀዋ በሊጥ እጇ የእናቴን ፊት ዳሰሰች፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ከዚያ ሁለቱም አፈሩ ላይ ተቀመጡ። እኔም ሮጬ ደረስኩ። እናቴ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። አያቴ ስትሞት እንኳ፣ ሀዋ ዓይኗን አይታ እንዳትጠረጥር ብላ እንባዋን ውጣ፣ ከዚያም እንባዋ በዚያው ቀርቶ ነበር።

"ያን ቀን የሳቅኩት ሳቅ እስካሁን እዚህ አለ" አለች እናቴ ጉሮሮዋን ይዛ። "አልወረደልኝም ሀዋ።"

ሀዋ ለስድስት ዓመት መጠየቅ ያልቻለችውን ጠየቀች። "እናታችን ምን ብላ ሞተች?"

"'ሀዋ ተገላገለች ወይ?' አለችኝ። 'ሴት ልጅ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው' አልኳት። 'አልሀምዱሊላህ' አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ ቃል የላትም።"

ሀዋ "እናቴ!" ብላ ለቅሶውን አነሳችው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ስድስት ዓመት የቆየ ለቅሶ ነው። እናቴም ተቀበለቻት። የአሰብ መንገደኞች መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ የለቅሶን ወግ የማያውቅ የለምና፣ አንድ በአንድ እየመጡ ሳሩ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። ወይዘሮ አሰለፈች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሀዋ ጎን ሆኑ። አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው ለአያቴ ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም "አሚን" አለ።

ጓድ ገዛኸኝ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ፣ "ማን ሞቶ ነው?" አለኝ።

"አያቴ።"

"ምን ጊዜ?"

"ከስድስት ዓመት በፊት።"

አየኝ። ባርኔጣውን አውልቆ እሱም ከሰዎቹ መሐል ሳሩ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ወይዘሮ አሰለፈች አገልግላቸውን ፈቱ፣ ሌላውም ስንቁን አቀረበ። ለአሰብ ባሕር የተሰነቀው ሁሉ ለአያቴ ሰደቃ ሆነ። የእስላሙም የክርስቲያኑም ለየብቻ ቀርቦ፣ ሰው በየወጉ በላ። ሀዋን "አላህ ያጽናሽ"፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" እያሉ፣ እሷም ለእያንዳንዱ "አሚን" እያለች ዋለች። በወጉ አለቀሰች፤ በወጉ ተጽናናች።

የትኬቱ ዋጋ ለሁሉም ተመለሰ። ሌላ ሙከራ አልተፈቀደም፤ ጓድ ገዛኸኝም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ጅቡቲም ሆዴይዳም በወረቀት ቀሩ። ሲሰናበተን ቤት ለቤት ዞሮ "አፉ በሉኝ" ማለቱን ግን አልረሳም። ወይዘሮ አሰለፈችም ነጋዴውም ጡረተኛውም፣ ጉዞው ቀረ ብሎ የታረቀውን ሰው መልሶ ያኮረፈ አልሰማሁም። ትኬት ይመለሳል እንጂ አፉታ አይመለስም።

ለእኔ ያ ቀን ምን ለወጠ? ቤቴን መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጨረሻ ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ ስዳርም ሁለት እናቶች ናቸው የዳሩኝ። ሥራዬንም የማይበትን ዓይን ለወጠው። ከባንኮኒዬ ማዶ የቆመ መንገደኛ "ለመዝናናት ነው" ሲለኝ አሁንም ፊቱን አየዋለሁ። ከኋላው የተወው ሰው እንዳለ አስባለሁ። እናንተም ይህን ስታነቡ አንድ ሰው ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። እኔ እንደ ሽማግሌ ልመክራችሁ አልፈልግም፤ ሀዋ የነገረችኝን ብቻ ልንገራችሁ። "አውሮፕላኑ ከራሴ በላይ ሲያጉረመርም እንኳ ኩራቴ ይዞኝ ነበር" አለችኝ። "ድምፁ ሲርቅ ነው የተነሳሁት። እህት የሌለኝ ሆኖ ተሰማኝ። ያን ለአንድ ቀን እንኳ አልችለውም።"

እናቴ ያረፈችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኮምቦልቻ፣ ሀዋ ቤት ነው። እኔ ደሴ ነበርኩ። በማለዳ በር ተንኳኳ፤ ሀዋ ናት፣ ፊቷን አልታጠበችም፣ ዓይኗ አብጧል። አልቀለደችም፣ አልደበቀችም። አቀፈችኝና በቀጥታ ነገረችኝ።